ሰሊጡን መልሱላት

በእኛ የሰሊጥ መጋዘን ሳያራግፍ የሚወጣ የለም። በሩ ሥር ሰማያዊ ሸራ ተነጥፏል። ለምሳ ስንወጣና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ሲያበቃ ሴቱ ሁሉ ተሰልፎ በየተራ ሸራው ላይ ይቆማል፤ ነጠላውን ይዘረጋል፣ የቀሚሱን ጠርዝ ይመታል፣ ጫማውን አውልቆ ይገለብጣል። የከተማችን የገንዳ ውሃ ሰሊጥ የማይገባበት የለም። ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ሹሩባ ውስጥ ይገባል፣ ሌላ የት የት እንደሚገባ ያበጠረች ታውቀዋለች። ከሸራው ላይ የተጠረገው ወደ ክምሩ ይመለሳል። ከዚህ ሕግ ነጻ የሆኑ ሁለት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ካቦውና እንግዳ።

የሸራው ጌታ የበሩ ዘበኛ አያ ማተቤ ናቸው። ስድሳን አልፈዋል፣ ጀርባቸው ግን እንደ በሩ ብረት ቀጥ ያለ ነው። “ሃያ ዓመት ቆሜ አንዲት ፍሬ አላሳለፍኩም” ይላሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ይላሉ። ትልቁ ሰው ራሱን ያራግፋል፣ እሳቸው በዓይን ያያሉ። ሕፃን ሲመጣ ግን አያምኑም። ብድግ ያደርጉታል፣ ጫማውን በራሳቸው እጅ ይገለብጣሉ፣ ተረከዙን ሁለቴ ቸብ ቸብ ያደርጋሉ፣ እግሩ ላይ አጥልቀው ይለቁታል። ጠቅላላው አፍ ከፍቶ የመዝጋት ያህል ነው።

እኔ ሰርክአዲስ ነኝ። ሰሊጥ አላበጥርም፤ አበጣሪዎቹ የወለዷቸውን ነው የምጠብቀው። ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ዳስ አለኝ፣ ዳሱ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች አሉኝ። ዳሱን ማንም በችሮታ አልሰጠኝም። አምና ካቦ ታደገን ከጥቅምት እስከ ጥር ተከራክሬዋለሁ። “ልጅ ያዘለች ሴት የምታበጥረው ግማሽ ጆንያ ነው፤ ልጁን ለእኔ ስጡኝ፣ ሙሉውን ታበጥርላችኋለች” አልኩት። ስሌቱን ሲያስበው ሦስት ወር ፈጀበት። እኔ ለመናገር የፈጀብኝ አንድ ትንፋሽ ነበር።

ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የሱቅ መጠቅለያ ነው። ዘሀቢያ ከምትባል ባለሱቅ የደረቀ ባሚያ ዱቄቱ ዊካና የሰሊጥ ጣፋጩ ሐላዋ የሚጠቀለልባቸውን ገጾች አንድ በአንድ ለቅሜ፣ በመርፌ ሰፍቼ፣ አንድ ጥሩ መጽሐፍ አውጥቻለሁ። የሕፃናት አያያዝ ሥልጠና መጽሐፍ ነበር። ሽፋን የለውም፣ መጀመሪያ የለውም፣ መጨረሻም የለውም፤ ያለው ሆዱ ብቻ ነው። ዲፕሎማ ይዘው ሥራ ፍለጋ የጎንደር አውቶቡስ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ያላነበቡትን እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።

እንግዲህ ውቢት የመጣችብን በዚህ ሁሉ ኩራቴ መሐል ነው።

ውቢት ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው። እናቷ ባየሽ ከጎጃም ነው የመጣችው። ባሏ በገለጉ በኩል ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዷል፣ እሷ ልጇን ይዛ ከእኛ ዘንድ ገባች። ባየሽ ድምፅዋ የማይሰማ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ልጅቷ ግን የሁለቱን ድምፅ ብቻዋን ይዛለች። ዳሱ ውስጥ ጭራሽ ወርቅ ናት፤ ቀይ ኮንጎ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ታደርጋለች፣ አፈር በጣሳ ትሞላለች፣ ትደፋለች። አፏ ገና አልተፈታም። “እማ”፣ “ውኃ” እና “አንተ” ነው የምትለው፤ ሴቱንም ወንዱንም ፍየሉንም “አንተ” ነው የምትል።

ችግሩ በሩ ላይ ነው። ሸራው ላይ በደረሰች ቁጥር ትወድቃለች። አወዳደቋ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ወገቧን ቀስት አድርጋ፣ እግሯን እየወረወረች፣ ጩኸቷ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። በቀን ሁለቴ ነው፤ ምሳ ላይና ማታ ላይ። ሰዓት የሌላት ሴት በእሷ ጩኸት ሰዓቷን ማወቅ ትችል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጊንጥ ነደፋት ተብሎ ልብሷ ተገፈፈ። ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ከአበጣሪዎቹ ሁሉ ትልቋ እትዬ አሰበች ፍርዳቸውን ሰጡ።

“ዓይን ነው። ልጅን ውቢት ብሎ ሰይሞ ሰው መሐል ይዞ መውጣት ምን ማለት ነው? ጥቀርሻ ግንባሯ ላይ አድርጉላት።”

ጥቀርሻው ተደረገ። ልጅቷ ጮኸች፣ አሁን ደግሞ ፊቷ ጥቁር ሆኖ።

ካቦ ታደገ በበኩሉ “ደገኛ አይደለች? ሙቀቱ ናላዋን አዙሮት ነው። ውኃ ድፉባት” አለ። ደፉባት። ደረቅ ሆና ስትጮኽ የነበረችው ርጥብ ሆና ጮኸች።

“ጥፊ ነው የጎደላት” አሉ አያ ማተቤ፣ ቀዩን ጫማ ለእናቷ እያቀበሉ።

ባየሽ አንገቷን ደፍታ፣ “ምን ላርጋትሳ? እኔ እኮ እንዲህ አላሳደግኋትም” እያለች፣ ርጥቧን ልጅ ተሸክማ ወጣች። ከኋላዋ አርባ ሴት በፀሐይ ቆሟል።

እኔ ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን አወጣሁ። ገጹን አውቀው ነበር። እንዲህ ይላል፤ “ልጅ በእልህ ራሱን መሬት ላይ በሚጥልበት ጊዜ ወላጅ በመጀመሪያ”። እዚያ ላይ ገጹ ያልቃል። የሚቀጥለው ገጽ የለም።

በማግስቱ ጠዋት መጽሐፌን ይዤ ወደ ዘሀቢያ ሱቅ በረርኩ።

“ዘሀቢያ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ገጽ የት ሄደ?”

ገልበጥ አድርጋ አየችው። “ይኼ? ዊካ ጠቅልዬበት ሰጠሁ መሰለኝ።”

“ለማን?”

“ሰርኬ፣ በቀን ስንት ሰው ዊካ እንደሚገዛ ታውቂያለሽ? ማሊሽ፣ ምንም አይደል።”

“ማሊሽ ይበልሽ! ገንዳ ውሃ ውስጥ ከአንዱ ቤት ምድጃ ሥር መድኃኒቴ ሲቃጠል አንቺ ማሊሽ ትያለሽ።”

“ሐላዋ ውሰጂና ተረጋጊ” ብላ ሳቀችብኝ።

ሐላዋውን ወሰድኩ። የሠራሁት ስህተት እዚህ ላይ ይጀምራል።

ምሳ ሰዓት ላይ ውቢት ሸራው ላይ ስትወድቅ ጎንበስ ብዬ አንዲት ቁራጭ ሐላዋ አፏ ውስጥ ጣል አደረግሁ። ጸጥ። አርባ ሴት አየኝ። አያ ማተቤ እንኳ አዩኝ። እኔም እንዳልታየሁ ሆኜ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ማታም እንዲሁ፤ ወደቀች፣ ሐላዋ፣ ጸጥ። “ሰርኬ ሐኪም ሆነች” አለች አንዷ። እኔም “ማንበብ ነዋ” አልኩ። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ!

በማግስቱ መጂዳ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ፣ የአንዷ አበጣሪ ልጅ፣ ሰልፉ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ቀሚሷን በሥርዓት ሰብሰብ አደረገች፣ ሸራው ላይ የማይቆረቁር ቦታ መረጠች፣ ተጋደመች፣ አንድ ዓይኗን ከፍታ እሪ አለች። እሷን አይቶ ሌላው ወደቀ። ሌላዋም ወደቀች። እኔ ሐላዋዬን ይዤ ስዞር ሸራው ላይ አምስት ልጆች ተጋድመዋል፤ ታጭዶ እንደ ተነጠፈ ሰሊጥ ጎን ለጎን። ውቢት መሐላቸው ነበረች፤ እውነተኛው ለቅሶ የእሷ ብቻ ነው፣ የቀሩት ዜማ ያወጣሉ።

ካቦ ታደገ እየሮጠ መጣ። ኮፍያውን አወለቀ፣ አጠለቀ፣ እንደገና አወለቀ።

“ሰርክአዲስ! ይኼ የምን ሥልጠና ነው? አንዷን ዝም አስብይ ብንልሽ አምስት አደረግሽልን?”

ሐላዋዬን ነጠላዬ ሥር ደበቅኩ።

“ስሚኝ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ታደገ ሲጮኽ አያስፈራም፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራ። “ቅዳሜ ገዢዎቹ ከጎንደር ይመጣሉ። ግቢውን ያያሉ፣ ሰሊጡን ያያሉ። በእነሱ ፊት ይቺ ልጅ በሩ ላይ ሰልፍ አቁማ ከጮኸች ዳስሽን እሑድ ጠዋት አፈርሰዋለሁ። ልጅ ያላት ልጇን ይዛ ቤቷ ትዋል።”

ባየሽ ሰማች። ሌሎቹም አሥር እናቶች ሰሙ። አሥር ጥንድ ዓይን ወደ ባየሽ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ማታ ባየሽ ዳሱ ደጅ ጠበቀችኝ። “ሰርኬ፣ እኔ ልውጣ። እኔ ከወጣሁ ሌሎቹ ይተርፋሉ።”

“የት ልትሄጂ?”

“እንጃ።”

“እንጃ የሚባል አገር የለም። አርፈሽ ተቀመጪ” አልኳት።

በማግስቱ ሐላዋውን ቤት ተውኩት፣ መጽሐፉንም ተውኩት። ሁላችንም እስካሁን ያየነው ልጅቷ ከወደቀች በኋላ ያለውን ነው። ጊንጥ ያልነው፣ ዓይን ያልነው፣ ሙቀት ያልነው ሁሉ ከወደቀች በኋላ ነው። ከመውደቋ በፊት ምን እንደሆነ ማን አየ? እኔ ተማርኩ ባይዋም አላየሁም። እንግዲያው ዛሬ ዓይኔን ከእሷ አላነሣም አልኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውቢት ከመሬት የሰሊጥ ፍሬ መልቀም ጀመረች። በሁለት ጣቷ አንድ፣ ሌላ አንድ። የለቀመችውን ቀይ ጫማዋ ውስጥ ከተተች። ጫማውን አደረገች። የተቀደደ ጆንያ ጎትታ አመጣች፣ አነጠፈች፣ ላዩ ላይ ቆመች። የቀሚሷን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ መታች። ቁጭ አለች፣ ጫማዋን እየታገለች አወለቀች፣ ገለበጠች፣ በትንሿ መዳፏ ተረከዙን ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረገች። ሦስት ፍሬ ወደቀ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ፈገግታ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጆንያ ያበጠረች ሴት ነው የምትመስለው።

ይህንኑ እስከ ምሳ ስድስት ጊዜ ደገመችው። ልጅቷ ልምምድ ላይ ነበረች!

ምሳ ሰዓት ላይ ከኋላዋ ቆምኩ። ሰልፉ ውስጥ ውቢት እንደ ትልቅ ሰው ተራዋን ጠበቀች። ሸራው ላይ ወጣች። የቀሚሷን ጠርዝ መታች። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። በዚህ ጊዜ ነው የአያ ማተቤ ትልቅ እጅ ከላይ የመጣው። ብድግ፣ ግልብጥ፣ ቸብ ቸብ፣ ጥልቅ። አለቀ። ልጅቷ እግሯ ላይ የጠለቀውን ጫማ አየች፣ ሸራውን አየች፣ የእሷ ፍሬዎች የት እንደ ወደቁ ፈለገች። ከዚያ ወገቧን ቀስት አድርጋ ወደቀች።

እኔም እሪ ልል ምንም አልቀረኝ። ጠዋቱን ሙሉ የተዘጋጀችበትን ነገር እኮ ነው የቀሟት!

ለባየሽ ስነግራት አፏን ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። “አየ ጉድ! ቤትም እኮ እንዲሁ ናት። ቀሚሷን እኔ ካለበስኋት ታወልቀውና ራሷ ካልለበሰች አታርፍም። እኔ ደሞ እቸኩላለሁ።”

“እኛም ሁላችን እንቸኩላለን” አልኳት። “የማትቸኩል እሷ ብቻ ናት።”

የቀረው አያ ማተቤ ነበሩ። ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ ሄጄ ጎናቸው ቆምኩ።

“አያ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ።”

“ምንም ነገር ይዘሽ አትወጪም።”

“ምንም አልያዝኩም። ውቢትን ነገ ይተዉልኝ። ጫማዋን ራሷ ታራግፍ።”

አዩኝ። “ሰርኬ፣ በሩን ለሕፃን አስረክቤ እኔ ልተኛ?”

“በሩን አልጠየቅኩላትም፣ ጫማውን ነው።”

“የራሷ አፍንጫ የት እንዳለ የማታውቅ ልጅ…”

“አፍንጫዋን ባታውቅም የእርስዎን ሥራ ታውቃለች። ትናንት ጠዋት ቢያዩዋት! እጅዎን እንዳለ ነው የወሰደችው፤ ቸብ ቸቡ ሳይቀር። በዚህ ግቢ ውስጥ ሥራዎን እንደ ሥራ ቆጥሮ የተማረ ሌላ ሰው አለ?”

ጺማቸውን አሻሹ። ይህች ቃል ልባቸው ገባች፤ ስትገባ አይቻታለሁ። “ይታያል” አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ መሐላ ነው።

ቅዳሜ ግቢው ታጠበ። ካቦ ታደገ አዲስ ኮፍያ አድርጓል። አያ ማተቤ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ገዢዎቹ በመኪና መጡ። ትልቁ አቶ አንዷለም የሚባል፣ ነጭ ሱሪው እግሩ ላይ የታጠፈ፣ ወፍራም፣ ለሁሉም “እንዴት ዋላችሁ” የሚል ሰው ነው። ማበጠሪያ ማሽኑን አየ፣ ክምሩ ላይ ወጣ፣ ሰሊጥ በመዳፉ ይዞ አሸተተ። ልክ ምሳ ሰዓት ላይ እነሱም ወደ በሩ መጡ፣ የእኛም ሰልፍ ተሠራ።

ውቢት ተራዋ ደረሰ። ሸራው ላይ ወጣች። የቀሚሷን ጠርዝ መታች።

“ቶሎ ቶሎ በሉ እንጂ! እንግዳ ቆሟል!” አለ ካቦ ታደገ።

አያ ማተቤ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ሲደነግጡ እጃቸው የለመደውን ሠራ። ሃያ ዓመት የሠራ እጅ ጌታውን አያማክርም። ብድግ፣ ግልብጥ፣ ቸብ ቸብ። “ውይ!” አሉ ወዲያው፤ ግን ጫማው ባዶ ሆኗል።

ልጅቷ ወደቀች። ያን ቀን የጮኸችው የቀኖቹን ሁሉ ድምር ነው። አቶ አንዷለም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ካቦ ታደገ ወደ እኔ ዞሮ ዳሱን በጣቱ አሳየኝ፤ ድምፁ ከዝቅታም በታች ወርዶ ነበር። ዳሴ ሲፈርስ በዓይኔ ታየኝ፤ ባየሽም ልጇን ልታነሣ ተንደረደረች።

“ተዪያት” አልኩ። ሄጄ ሸራው ላይ ከልጅቷ ጎን ቁጭ አልኩ። አላቀፍኳትም፣ አልሸነገልኳትም። እግሯ የበሩን ብረት እንዳይመታ ብቻ በጉልበቴ ከለልኩ።

“ውኃ!” አለ ከኋላ አንዱ።

“ጥቀርሻ” አሉ እትዬ አሰበች።

“ሐላዋ” አለች መጂዳ፣ በጣም በትሕትና።

እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ለልጅቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አልኳት፤ “ራስሽ ልታራግፊ ነበር። ቀደሙሽ። ያናድዳል። እኔም ብሆን እናደዳለሁ።” ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

“ከሕፃን ጋር ሽምግልና ተቀምጣለች!” አለ ካቦ ታደገ።

ጊዜው ረዘመ። ፀሐዩ አናቴን ጠበሰው። ከዚያ የልጅቷ ትንፋሽ ተለወጠ፤ ጩኸቱ ተቆራረጠ፣ ስቅታ ሆነ፣ አንድ ዓይን ተከፈተ። የውሸት አልነበረም፤ የደከመ ዓይን ነው። ቀዩን ጫማ አነሣሁና አጠገቧ አስቀመጥኩ። ቁጭ አለች። አደረገችው። አወለቀችው። ገለበጠችው። ቸብ ቸብ።

ምንም አልወደቀም።

ጫማው ውስጥ አየች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አርባ ሴት ትንፋሹን ያዘ።

“አያ ማተቤ፣ ሰሊጡን መልሱላት” አልኩ።

“ምን አልሽ?”

“ከጫማዋ ያወጡትን ይመልሱላት። ተራዋን አልጨረሰችም።”

ሰውዬው ሸራውን አዩ፣ ጫማውን አዩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጫማ ሰሊጥ ያወጡ ሰው ናቸው፤ ጫማ ውስጥ አስገብተው አያውቁም። የካፖርታቸውን የላይ ቁልፍ ፈቱ። ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ በርከክ አሉ። በሁለት ጣታቸው ከሸራው ላይ ቆንጠር አደረጉ።

“አያ ማተቤ! በእንግዳ ፊት!” አለ ካቦ ታደገ።

“ዝም በል አንተ” አሉ ቀና ሳይሉ። “ተራዋ ነው።”

ፍሬዎቹን ጫማው ውስጥ ጨመሩ። ውቢት በጥርጣሬ አየቻቸው። አጎንብሳ ቆጠረች ልበል? መቁጠር አታውቅም፤ ግን አየቻቸው፣ ፍሬዎቹ አሉ። ጫማውን አደረገች፤ ግራውን በቀኝ፣ ማንም አላረማትም። ተነሣች። የቀሚሷን ጠርዝ እንደ አዲስ መታች። ቁጭ አለች፣ ታገለች፣ አወለቀች፣ ገለበጠች። ቸብ። ቸብ። ስድስት ሰባት ፍሬ ሰማያዊው ሸራ ላይ ተበተነ።

እልልታው ከየት እንደ ጀመረ አላውቅም። ከእትዬ አሰበች ይመስለኛል፤ በኋላ ሲክዱ ሰምቻቸዋለሁ። ባየሽ እያለቀሰች ትስቃለች። አያ ማተቤ በርከክ እንዳሉ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይበቃን ነበር። ውቢት ግን ከሸራው አልወረደችም። ጫማዋን ካደረገች በኋላ በሩ ጎን ሄዳ ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ሆዷን ገፍታ፣ ልክ እንደ አያ ማተቤ። ከዚያ የአቶ አንዷለምን ጫማ አየች። ጣቷን ቀሰረች።

“አንተ!”

ካቦ ታደገ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። “ጌታዬ፣ ሕፃን ናት፣ እርስዎ ይለፉ…”

አቶ አንዷለም ግን ነጭ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ሸራው ላይ ወጣ። “ሕግ ነው አይደል?” አለ። ጫማውን አወለቀ፣ ገለበጠ። ከዚያ የሱሪውን እጥፋት ሲፈታ ከሁለቱም እግሩ ሰሊጡ እንደ ውኃ ወረደ። ክምሩ ላይ ወጥቶ አልነበር!

“ወይኔ ማተቤ!” አሉ አያ፣ ራሳቸውን ይዘው። “ሃያ ዓመት ሙሉ በእንግዳ ሱሪ ስንት ሰሊጥ ወጥቶብኛል!”

አቶ አንዷለም እስኪያስለው ሳቀ። ውቢት አልሳቀችም፤ ሥራ ላይ ናት። ዞር ብላ ጣቷን ወደ ካቦ ታደገ ቀሰረች።

“አንተ!”

“እኔ ካቦ ነኝ” አለ ታደገ።

“አራግፍ! አራግፍ!” አለ የሴቱ ሰልፍ። ኪሱን ሲገለብጥ አንድ እፍኝ ሰሊጥ ወደቀ። “ለናሙና ነው!” አለ ጆሮው ቀልቶ። ለናሙናማ ነው፤ ሲቆረጥም ስንቴ አይተነዋል።

ገዢዎቹ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ አቶ አንዷለም ወደ ዳሱ ዞሮ “ይኼ የማን ነው?” ብሎ ጠየቀ። ካቦ ታደገ እኔን አየ፣ ሸራውን አየ። “የእኛ ነው” አለ። የእኛ! አምና ሦስት ወር ያከራከረኝ ሰው።

እሑድ ዳሱን ያፈረሰ የለም። ሰኞ ጠዋት ስገባ ከትልቁ ሸራ ጎን አንዲት ትንሽ ሸራ ተነጥፋ አየሁ፤ አያ ማተቤ ከዳር ቆርጠው ያዘጋጇት ናት። “ሕፃናት አስቀድመው በዚህ ይሰለፉ፣ ትልቁ ሰልፍ በእነሱ አይቆምም። ልጅ ሲያራግፍ እጁን የሚያስገባ ከእኔ ጋር ይጣላል!” እያሉ ያውጃሉ፤ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሳቸው የነበረ ይመስል። እኔም ተውኩላቸው። መጽሐፌ ላይ ግን ያ ዐረፍተ ነገር በተቆረጠበት፣ “ወላጅ በመጀመሪያ” ከሚለው ሥር ባለው ባዶ ቦታ፣ በገዛ እጄ ጽፌ ጨረስኩት፤ “ልጁ ከመውደቁ በፊት ምን እንደ ነጠቁት ይመልከት፤ የሚመለስ ከሆነ ይመልስለት፤ የማይመለስ ከሆነ አጠገቡ ይቀመጥ።”

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የማበጠሪያ ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛው ነው። ካቦ ታደገ መጀመሪያ ማሽኑን ተሳደበ፣ ከዚያ ቺንጋውን የሸጠውን፣ ከዚያ ቺንጋን የፈጠረውን። አዲሱን ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ። ጆንያ በእግሩ መታ፤ ጆንያው ሙሉ ነበርና እግሩን ይዞ ቁጭ አለ፣ አሁን ደግሞ ለእግሩ ጮኸ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሹ ይሸሻል፣ ግማሹ ያባብላል። ያን ቀን ማንም አልተንቀሳቀሰም። አያ ማተቤ በርጩማቸውን ይዘው ከበሩ መጡና ከጎኑ ተቀመጡ። ምንም አላሉም። እኔም ሄጄ በዚህኛው ጎን ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ወንፊታቸውን ይዘው ጠበቁ። ታደገ ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ግራና ቀኝ አየን።

“ምንድን ነው የምታዩኝ?”

“ያናድዳል” አሉ አያ ማተቤ።

ታደገ አያቸው። ከንፈሩ ዳር ላይ የሆነ ነገር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቁጣ መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ኖሯል። በዚህ መሐል ውቢት ከዳሱ ወጥታ መጣች። ኮፍያውን ከመሬት አነሣች፣ በትንሿ መዳፏ ሁለቴ ቸብ ቸብ አድርጋ አራገፈች፣ ለአያ ማተቤ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ተቀብለው ሊያጠልቁለት እጃቸውን ወደ ራሱ ዘረጉ።

“አያ፣ ይተዉለት” አልኩ። “ራሱ ያድርግ።”